ባላምባራስ ጓንጉልና የጡት እናቱ

በሰው ልጅ ኅሊና ውስጥ ከሚፈራረቁት ሕማማት ሁሉ እጅግ ትዕግሥተኛው ኀፍረት ነው፤ ቍጣ ጮኾ ያልፋል፥ ሐዘን ዕንባውን ጨርሶ ይደርቃል፥ ቅንዓት እንኳ የሚቀናበት ሰው ሲሞት አብሮት ወደ መቃብር ይወርዳል፤ ኀፍረት ግን ባለቤቱ በክብር ወንበር ሲቀመጥ አብሮት ይቀመጣል፥ ሲወደስም አብሮት ይወደሳል፥ ካባ ሲደርብም ከካባው ሥር ገብቶ ይሞቀዋል። አንባቢ ሆይ፥ አንተ ምናልባት ንጹሕ ሰው ነህና ይህን በወሬ ብቻ ታውቀው ይሆናል፤ እንዲያ ከሆነ ፈጣሪህን አመስግን። ከዚህ በታች የሚተረከው ግን ለብዙ ዘመን በእንደራሴዎች ምክር ቤት ተቀምጦ፥ የመንግሥትን ሕግ በተዋበና በተመረጠ ቃል ሲያሳምር የኖረ፥ በመኳንንትም በባላገርም ዘንድ የተመሰገነ፥ ነገር ግን ሊናገረው የማይገባውን ቃል ስለ ተናገረና ሊናገረው የሚገባውን ስላልተናገረ ዕድሜ ልኩን ያፈረ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ ባላምባራስ ጓንጉል ወልደ ኂሩት ይባላል። ተራኪው ይህን ባለማዕርግ ሰው «እርሱ» እያለ፥ አንዲትን የገጠር ባልቴት ግን «እርሳቸው» እያለ ቢጽፍ፥ ሥነ ሥርዓት የጐደለው ሆኖ አይደለም።

ጓንጉል በእንደራሴነት የወከለው የዘንባባ ዋሻ አውራጃ የትውልድ አገሩ አልነበረም፤ ከሩቅ አገር ተወልዶ፥ ልጅነቱን በቅኔ ቤት አሳልፎ፥ ግሥ ገሥሦ ሰዋስው አገላብጦ፥ በኋላም በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ የመጣ፥ ድምፀ መረዋና ቁመተ ሎጋ፥ ሲናገር ከሳሽም ተከሳሽም ጠባቸውን ረስተው የሚያዳምጡት ሰው ነበር። ሕዝብ እንደራሴውን ይምረጥ የሚለው ዐዋጅ በተነገረ ጊዜ እርሱም በልቡ የነበረውን ምኞት ገልጦ፥ ምረጡኝ ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ቆመ። ሽማግሌዎቹም ንግግሩን እስከ ፍጻሜው በጸጥታ ሰሙና እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከእነርሱም መካከል ጭቃ ሹም አላምረው፥ ማለት የመንደሩ ሹም የነበረው፥ በአነጋገሩ ቍጥብ በሐሳቡ ግን ጥልቅ የሆነው ሰው፥ ተነሥቶ እንዲህ አለ፦ «ጌታው፥ አፍዎ ማር ነው፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የማን ልጅ ነዎት? የአገራችን ልጅ ቢበድለን ለእናቱ እንነግርበታለን፤ እርስዎ ቢበድሉን ለማን እንናገራለን?» ለዚህ ጥያቄ በቅኔ ቤትም በፍርድ ቤትም መልስ አልተማረም ነበር።

መልሱን የሰጡት ከሴቶቹ ወገን ተቀምጠው የነበሩት እማማ ታንጉት ናቸው። እኒህ ባልቴት የወለዷቸውን ልጆች ሁሉ ወባ የጨረሰባቸው፥ በሰንበሌጥ ሜዳ ዳር ጥቂት ላሞች እያገዱ የሚኖሩ፥ አንደበታቸው አጭር እጃቸው ግን ረጅም የሆነ፥ ለተቸገረ ሁሉ የሚደርሱ ሴት ነበሩ። «እናት ካጣ እኔ አለሁ፤ ጡቴን ይጥባና ልጄ ይሁን» አሉ። በዚያ አገር ሥርዓት የጡት ልጅነት ቀልድ አይደለም፤ ካህን ባለበት፥ ሽማግሌ በመሰከረበት፥ ጡት ማር ተቀብቶ ልጅ ሊሆን የወደደው ሰው ተንበርክኮ በከንፈሩ ከነካው በኋላ፥ ከሥጋ ልደት ይልቅ ይጠብቅ እንደ ሆነ እንጂ አይላላም፥ የሚያፈርሰውም ዳኛ የለም። ጓንጉልም የከተማ ኮቱን እንደ ለበሰ፥ ከረባቱን ወደ ትከሻው አሻግሮ፥ በሽበት ዋዜማ ላይ ያለ ጐልማሳ ሲሆን እንደ ሕፃን ተንበረከከ። የጐረምሶቹ ሣቅ ከኋላው ተሰማው፤ እርሱም ራሱ በልቡ ጥቂት ሣቀ፥ የምርጫ ነገር ነው ብሎ። ነገር ግን ቀና ባለ ጊዜ የባልቴቲቱ ዕንባ በጉንጮቻቸው ሲወርድ አየና ሣቁን ተወ። ሴቶቹ እልል አሉ፥ ሽማግሌዎቹም መረቁት፥ በዚያም ሳምንት ተመረጠ።

ምክር ቤት ገብቶ ዘመን በዘመን ላይ ሲደራረብ፥ አንዱ እንደራሴ ሲሻር ሌላው ሲሞት፥ ባላምባራስ ጓንጉል ግን ከተቀመጠባት ወንበር ሳይነቃነቅ ኖረ። የክብር ስሙንም በዚያ አገኘ። ተቃውሞ የማያውቅ፥ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፥ ሚኒስትር ሲያልፍ ከወገቡ የሚያጐነብስ ትሑት ስለ ነበረ ማንም አልጠላውም፤ የጠነከረና የተወላገደ የሕግ ረቂቅ ሲቀርብም «ባላምባራስ፥ እስቲ ቋንቋውን ያቅኑልን» ይሉት ነበርና፥ በልሳነ ግእዝ አጣፍጦ፥ በሐረግ አስጊጦ ይመልስላቸዋል። እማማ ታንጉት በየዓመቱ በነጋዴ እጅ ቅቤ ይልኩለት ነበር። በማዕዱ ለሚቀመጡት መኳንንትም «ከእናቴ ርስት የመጣ ነው» እያለ ያቀርበዋል፤ ትውልድ በሚቈጠርበት በዚያ ማዕድ ላይም እናቱ የታላቅ ቤት ወይዘሮ እንደ ነበሩና ካረፉ ብዙ ዘመን እንደ ሆነ በዘዴ ማውራት ልማዱ ሆነ። ሰው አይፍረድበት፥ ይወዳቸው ነበር፤ ወደ አውራጃው በወረደ ጊዜ ሁሉ በሌላ ቤት አያድርም፥ በመደባቸው ላይ ተኝቶ፥ እርሳቸው እግሩን ሲያጥቡት ዐይኑን ጨፍኖ፥ ከአዲስ አበባ ክብሩ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል ይል ነበር። ይህን የሚለው ግን እዚያው መደብ ላይ ሳለ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ እንግባ። አንድ ሚኒስትር ባለቤት የሌለው ምድር ለእርሻ ኩባንያዎች እንዲከራይ የሚፈቅድ ሕግ አረቀቀና፥ እንደ ተለመደው ቋንቋውን እንዲያቀና ለባላምባራሱ ሰጠው። በረቂቁ ላይ «ጠፍ መሬት» የሚል ደረቅ ቃል ነበር፤ ባላምባራስ ጓንጉልም ይህ ቃል ለመንግሥት ክብር አይመጥንም ብሎ «እግረ ሰብእ ያልረገጠው፥ ስመ ባለቤት ያልተጠራበት ምድረ በዳ» ብሎ አሰማመረው። ሚኒስትሩ ባነበበው ጊዜ እጅግ ደስ ብሎት ትከሻውን መታ አድርጎ እንዲህ አለው፦ «እንኳን ደስ አለዎት፥ ባላምባራስ! በመጀመሪያ ከሚከራዩት አንዱ በእርስዎው አውራጃ ያለው ሰንበሌጥ ሜዳ ነው። ልማት ወደ አገርዎ መጣ ማለት ነው።» ሰንበሌጥ ሜዳ የአውራጃው ከብት ሁሉ የሚሰማራበት፥ የእማማ ታንጉትም ጐጆ ዳሩን ተጠግታ የቆመችበት ግጦሽ ነበር፤ እግረ ሰብእ ያልረገጠው ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ ጫማውን አውልቆ በጤዛው ላይ የተመላለሰበት ነበር። ይህን ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ያው ሚኒስትር በመጪው ሹመት ወደ ላይኛው ምክር ቤት ሊያሳልፈው እንዳሰበ በዚያው ቅጽበት ጨመረለትና፥ የተከፈተው አፍ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ክቡርነትዎ» ብሎ ተዘጋ።

ወሬው ዘንባባ ዋሻ በደረሰ ጊዜ ሽማግሌዎቹ አልደነገጡም። «ልጃችን እዚያው ተቀምጦ የለም ወይ? ሜዳው ጠፍ አለመሆኑን ተነሥቶ ይናገር፤ ሌላ ነገር አንጠይቀውም» ተባባሉና፥ ለእናት ልጅ እምቢ አይልም ብለው እማማ ታንጉትንና ጭቃ ሹም አላምረውን ላኩ። ሁለቱም ረቂቁ በሚወሰንበት ቀን ረፋድ ላይ በምክር ቤቱ ደጅ ደረሱ። ባላምባራስ ጓንጉል ያን ጊዜ ከሚኒስትሩና ከሌሎች መኳንንት ጋር ደረጃውን እየወረደ ነበርና፥ እማማ ታንጉት አቧራ የጠጣ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፥ ዘበኛው ሳያግዳቸው፥ ፊታቸው እንደ ፀሐይ እያበራ ወደ ፊት ወጡና «ጓንጉል! ልጄ!» አሉ። መኳንንቱ ቆሙ። ሚኒስትሩም ፈገግ ብሎ፥ ያለ አንዳች ተንኰል፥ «ባላምባራስ፥ እናትዎ ናቸው እንዴ?» ሲል ጠየቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ሰው ለመልካም ነገር ሲጠየቅ ጊዜ ስጡኝ ይላል፤ ለክሕደት ግን ምላሱ ምንጊዜም የተዘጋጀ ነው። ሞታለች ያላት ወይዘሮ በማዕዱ ዙሪያ በነበሩት ሁሉ ዘንድ ትታወቅ ነበር፤ እንዴት አድርጎ ከሞት ያስነሣት? እንዴትስ አድርጎ በዚህ ቀሚስ ውስጥ ያስገባት? «አይደሉም፥ ክቡርነትዎ» አለ፥ ድምፁም እንደ ወትሮው የጠራና የለዘበ ነበር። «ከአውራጃዬ የመጡ ምስኪን ባልቴት ናቸው። የአገሬ አሮጊቶች ያዩትን ሁሉ ልጄ ይላሉ፤ ለምጽዋት መጥተው ይሆናል።» ጭቃ ሹም አላምረው ከኋላ ሆኖ ዱላውን ጨበጠ። እማማ ታንጉት ግን ለጥቂት ጊዜ የልጃቸውን ፊት ትክ ብለው ተመለከቱ፤ ያዩትንም አዩ፤ ማለት የቆሙትን መኳንንት፥ የተለበሰውን ካባ፥ በግንባሩ ላይ ችፍ ችፍ ያለውን ላብ አዩ። ከዚያም ወደ ሚኒስትሩ ዞር ብለው፥ «እውነታቸውን ነው፥ ጌታዬ። ዐይኔ ደክሞ ሰው ተሳሳትሁ። ለምጽዋት ነው የመጣሁት» አሉና ወደ ባላምባራሱ ቀርበው እጅ ነሡ። እርሱም ከኪሱ ያገኘውን ሳንቲም አውጥቶ በመዳፋቸው ላይ አኖረ፤ እርሳቸውም ጐንበስ ብለው፥ አገር እያየ፥ የልጃቸውን እጅ ሳሙ። ሚኒስትሩ «ቸር ሰው ነዎት፥ ባላምባራስ» አለው።

ከቀትር በኋላ ጉባኤው ተሰየመ። የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ረቂቁን አስነበበና የሚናገር እንዳለ ጠየቀ። ባላምባራስ ጓንጉል በወንበሩ ላይ ተቀምጦ፥ ከንፈር የነካውን የእጁን ጀርባ በሌላው እጁ ሸፍኖ፥ አሁን እነሣለሁ፥ አሁን እነሣለሁ ይል ነበር፤ ነገር ግን አልተነሣም። ቢናገርስ ምን ይላል? ሰው ያልረገጠው ብሎ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው፤ በዚያ የሚኖሩት እነማን ናቸው ቢባልም፥ እናቴ እንዳይል ከጥቂት ጊዜ በፊት ክዷል። ስለዚህ አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ፥ ሁለቱም ተጋግዘው አፉን ለጐሙት። ሕጉ ያለ ተቃዋሚ ጸደቀ። ፕሬዚዳንቱም በማጠቃለያው ላይ የረቂቁን የቋንቋ ውበት አመስግኖ፥ የደከመበትን ሰው ስም ጠራ፤ እንደራሴዎቹም አጨበጨቡ። ባላምባራስ ጓንጉል ተነሥቶ እጅ ነሣ።

ወደ ላይኛው ምክር ቤት የማለፉ ነገር እንዲሁ ወሬ ሆኖ ቀረ፤ ሚኒስትሩም ብዙ ሳይቈይ ተሻረ። ሰንበሌጥ ሜዳ ግን ታጠረ፥ ትራክተርም ገባበት፥ ከብቱም ወደ ጭንጫው ተራራ ተገፋ። የምርጫ ዘመን በተመለሰ ጊዜ ባላምባራሱ ወደ ዘንባባ ዋሻ የወረደው ሊመረጥ ሳይሆን፥ እውነቱን እንናገር፥ ሊሰደብ ነበር፤ በመንገዱም ሁሉ የሚወረወርበትን ድንጋይ በሐሳቡ እየመረጠ፥ ይህስ ቢመታኝ ይገባኛል እያለ ይሄድ ነበር። የተቀበለው ግን ዘፈንና እልልታ ሆነ። ጐረምሶች ከመኪናው አውርደው ተሸከሙት፥ ሽማግሌዎችም «የቻልከውን አድርገሃል፤ አንድ ሰው ብቻውን ምን ያደርጋል?» እያሉ አጽናኑት። ግራ ተጋብቶ ጭቃ ሹም አላምረውን ወደ ዋርካው ሥር ገለል አደረገውና ምን እንደ ሆነ ጠየቀው። ጭቃ ሹሙም ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «እማማ ታንጉት፥ ልጄ በጌቶች ፊት ቆሞ ተከራከረ፥ ግን ብቻውን ነበርና አልሰሙትም ብለው ለሕዝቡ ተናገሩ። እኔንም ያየሁትን እንዳልናገር በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስማሉኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ? እርስዎን ብጠላም መሐላዬን እፈራለሁ።»

ባላምባራሱ ወደ እማማ ታንጉት ጐጆ ገባ፥ በለመዳት መደብ ላይም ተቀመጠ። በመንገድ ሲያሰናዳው የመጣው የይቅርታ ቃል ነበረው፤ በሦስት ክፍል የተደለደለ፥ መግቢያና መደምደሚያ ያለው ያማረ ቃል ነበር። «እናቴ፥ በዚያን ቀን በምክር ቤቱ ደጅ...» ብሎ ጀመረ። እማማ ታንጉት ቀና ሳይሉ፥ እንጀራውን በሰፌድ እያቀረቡ፥ «የቱ ቀን?» አሉት። «ከስተሃል፥ ልጄ። አዲስ አበባ እህል የለም እንዴ? ወጡ ሳይቀዘቅዝ ብላ። ቅቤ አነሰብህ እንዳትለኝ፤ ግጦሹ ስለ ራቀ ላሞቹ ወተት ነሥተዋል።» እርሱም አጐነበሰና በላ። አንዲት ቃል ወቀሳ ቢናገሩት ከእግራቸው ላይ ወድቆ ባለቀሰ፥ ከልቡም ላይ ድንጋዩ በተንከባለለለት ነበር፤ እርሳቸው ግን ጉርሻ ጠቅልለው አጐረሱት። በዚያም ምርጫ፥ ከዚያም በኋላ በተከታተሉት ሁሉ፥ ተወዳዳሪ ሳይቀርብበት ተመረጠ፤ ዐዲሶቹ እንደራሴዎችም የምክር ቤቱ አባት እያሉ ይጠሩት ጀመር። የሕግ ረቂቅ ማሳመር ግን ተወ፤ ዐይኔ ደክሟል ይላቸው ነበር፥ ይህን ምክንያት ከማን እንደ ወሰደው እየታወቀው።

እማማ ታንጉት በስተርጅናቸው ያለ ብዙ ሕማም ዐረፉ። ባላምባራስ ጓንጉል፥ ያን ጊዜ ጠጕሩ ነጭ የሆነው፥ መርዶው እንደ ደረሰው ገሥግሦ ለቀብሩ ደረሰ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት፥ በአስከሬኑም ራስጌ አቆሙት፥ የልጅ ስፍራ ነውና። አልቃሿ ስሙን እየጠራች፥ በጌቶች ፊት ስለ ግጦሽ የተከራከረው እያለች ሙሾ ታወርድ ጀመር፤ ሴቶቹም ደረታቸውን እየደቁ ይቀበሏታል። ያን ጊዜ በውስጡ የኖረው ነገር ሁሉ ገንፍሎ ወጣ። ነጠላውን ከትከሻው ጥሎ፥ «ሕዝበ እግዚአብሔር ሆይ፥ ስሙኝ!» ብሎ ጮኸ። «እኔ ለእኒህ ሴት ልጅ አይደለሁም! በጌቶች ፊት አላውቃቸውም ብዬ ክጃቸዋለሁ፤ እጄን ሲስሙኝም ዝም ብዬ ምጽዋት ሰጥቻቸዋለሁ! ስለ ሰንበሌጥ ሜዳ አንዲት ቃል አልተናገርሁም! አስወሰድሁት እንጂ አልተከራከርሁለትም!»

ነገር ግን በዚያ አገር በልቅሶ ላይ ራሱን የማይከስስ ማን አለ? በዚያው ቀን ጎረቤቲቱ «ውሃ የነፈግሁዎ እኔ ነኝ» ስትል አልቅሳ ነበር፥ ሌት ተቀን ያስታመመቻቸው እርሷ ሳለች፤ የክርስትና ልጃቸውም «በሐሳብ የገደልኋቸው እኔ ነኝ» ብሎ ፊቱን ነጭቶ ነበር። ኀዘንተኛ የሠራውንም ያልሠራውንም በራሱ ላይ ይቈልላል፥ ሰሚውም ክሱ በከፋ መጠን ፍቅሩ ጸና ይላል። ስለዚህ ባላምባራሱ በቃላት ሲያጌጥ በኖረ አንደበቱ በሕይወቱ የመጀመሪያውን ያልተጌጠ ቃል በተናገረ ጊዜ፥ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ድምፅ ዋይ አለ፥ ወንዶች ሳይቀሩ ተንሰቀሰቁ፤ አልቃሿም ቃሉን ከአፉ ተቀብላ ወዲያው ገጠመችው፦

እናቴን ካድሁ አለ ደረቱን እየመታ፥
እንዲህ ያለ ልጅ ነው የእናት አለኝታ።

«እውነቴን ነው!» እያለ ጮኸ፤ «አላምረው፥ አንተ ነበርህ! ንገራቸው!» ጭቃ ሹም አላምረውም፥ ከእርሱ ይልቅ ያረጀው፥ በዱላው ተደግፎ ቀረበና ብዙ ዘመን ዐይኑን የሸሸበትን ሰው አሁን ፊት ለፊት ተመለከተው። ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ወደ አስከሬኑ ተመለከተና ተወው፤ ጋቢውንም ከራሱ ላይ ገፎ ባላምባራሱን አለበሰው፥ ለሕዝቡም «ሐዘኑ በርትቶበታል፤ ደግፉት» አለ። ጐረምሶቹ በግራና በቀኝ ይዘው፥ አይዞዎ እያሉ፥ እንደ ሕመምተኛ አስቀመጡት፥ ውሃም አጠጡት። በዚያው ዓመት ምርጫ ሲደረግ፥ እናቱን ያን ያህል ከወደደ ሰው ሌላ ማንን እንመርጣለን ብለው የዘንባባ ዋሻ ሰዎች ያለ ተወዳዳሪ መልሰው ወደ ምክር ቤት ላኩት፤ እርሱም ሄደና በዚያችው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ የተከሰሰ ሰው ይግባኝ የሚልበት ችሎት አለውና፥ ሳይከሰስ ይቅር የተባለ ሰው ግን ኀፍረቱን የሚያቀርብበት ዳኛ ከምድር ላይ አያገኝም።